ከአሮጌው መለያ ወደ ዐዲሱ፦ ስለ ኮምፒዩተር መዝገብ ርክክብ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ጥቂት ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ይኸውም በኮምፒዩተር ላይ ከቆየ የተጠቃሚ መለያ፣ ማለት በተለምዶ አካውንት ከምንለው፣ ወደ ዐዲስ መለያ ፋይሎችንና የአሠራር ምርጫዎችን ስለ ማዛወር ነው። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ነገሩ የእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። ከአዲስ ዓለም ተነሥተን በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፈን እስከ ባኮ ብንዘልቅ፣ በነቀምቴ መንገድ ዳር በተቈረቈሩት በእነዚህ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዛሬ የመሬት፣ የደመወዝ፣ የጡረታና የትምህርት ደብዳቤ የሚዘጋጀው በኮምፒዩተር ነው። ስለሆነም ጸሓፊው በተዛወረ ወይም ማሽኑ በታመመ ጊዜ ያ ሁሉ ጽሑፍ ወዴት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ከጊንጪ ወደ አምቦ የተዛወረ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለ እንበል። በጊንጪ ሳለ ስድስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጃቸው ደብዳቤዎች በራሱ መለያ ውስጥ ተቀምጠዋል። እርሱ ከሄደ በኋላ በቦታው የተተካችው ባልደረባ ኮምፒዩተሩን በራሷ ስም ብትከፍት የምታገኘው ባዶ ገጽ ነው። ደብዳቤዎቹ አልጠፉም፤ እዚያው ማሽን ውስጥ ናቸው፤ ነገር ግን ለእርሷ እንደሌሉ ይቈጠራሉ። በዚህ መካከል አንድ ገበሬ የቀን ሥራውን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ ከገጠር ቀበሌ ይመጣና ባለፈው ዓመት ስላቀረበው አቤቱታ ይጠይቃል። የሚሰጠውም መልስ «ያንን የያዘው ሰው ተዛውሯል» የሚል ነው። ገበሬው የተጠቃሚ መለያ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይገደድም። እርሱ የሚያየው መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን መርሳቱን ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤቶቻችን ዕቃን በማስረከብ ረገድ የቆየ ሥርዐት አላቸው። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ተዛዋሪው ሠራተኛ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና የመሳቢያውን ቍልፍ ሳይመልስ ክሊራንስ አያገኝም። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የአንድን ወንበር መጥፋት በዚህ ያህል ጥንቃቄ የምንከላከል ሰዎች፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠውን የስድስት ዓመት ጽሑፍ ያለ አንዳች ፊርማ ትተን እንለያያለን። ወንበር ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ የተጻፈ ውሳኔ ቢጠፋ ግን ገበያ ላይ አይገኝም። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ጽሑፍ ሊወረስ የሚችለው ግን ወራሹ ከደረሰበት ነው።

ስለ መለያ ምንነት

የተጠቃሚ መለያ በአንድ ግቢ ውስጥ ለብቻው እንደሚቈለፍ ክፍል ነው። ግቢው ኮምፒዩተሩ ነው። በር፣ አጥርና ጕድጓድ ለሁሉም የጋራ እንደ ሆኑ፣ እንደ ዎርድና ኤክሴል ያሉት ፕሮግራሞችም አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ናቸው። የእያንዳንዱ ሰው ዕቃ ግን በየክፍሉ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን በብዛት በሚሠራበት በዊንዶውስ ላይ ይህ ክፍል የሚገኘው ሲ በሚባለው ድራይቭ ላይ፣ ዩዘርስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። በዚያም ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ዳውንሎድስና ፒክቸርስ የተባሉ መደርደሪያዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ በስተኋላ ደግሞ አፕዳታ የሚባል ከዓይን የተሰወረ ጓዳ አለ። የሠራተኛው የአሠራር ልማድ፣ ምርጫውና ማስተካከያው በአብዛኛው የሚቀመጠው በዚህ ጓዳ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላመልክት። ማሽኑ ሰውን የሚለየው በስሙ አይደለም፤ መለያው በተፈጠረ ዕለት በሚሰጠው ረዥም የቍጥር መታወቂያ ነው። ስለዚህ አንድን መለያ ሰርዘን በዚያው ስም ሌላ ብንፈጥር፣ ለእኛ አንድ ሰው ቢመስለንም ለማሽኑ ፍጹም ዐዲስ ሰው ነው፤ የአሮጌውም ክፍል ቍልፍ አይሰጠውም። እንደዚሁም የመለያውን ስም ብቻ ብንለውጥ፣ ፊት ለፊት የሚታየው ስም ይለወጣል እንጂ በዩዘርስ ውስጥ ያለው ፎልደር በቀድሞ ስሙ ይቀራል። አምቦ ራሷ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ ነበር፤ ዛሬ አምቦ ትባላለች። ስሟ ሲለዋወጥ ፍል ውኃዋ ከስፍራው አልተነሣም። የመለያም ስም እንዲሁ ነው፤ ስሙን በመለወጥ ዕቃው አይዛወርም።

ማዛወር የሚያስፈልገው ስለ ምን ነው?

ምክንያቱ አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የሠራተኛ ዝውውር ነው፤ ይህን ቀደም ብዬ ገልጫለሁ። ሁለተኛው የመለያው መበላሸት ነው። ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ የመለያው መዝገብ እየተጻፈ በመካከል ሊቋረጥና ሊበላሽ ይችላል። በማግስቱ ማሽኑ ሲከፈት «በጊዜያዊ መለያ ገብተዋል» የሚል ማስታወቂያ ይታያል፤ ዴስክቶፑም ባዶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው መደንገጥ የለበትም፤ አሮጌው ፎልደር ብዙውን ጊዜ በቦታው ነው። ነገር ግን በጊዜያዊው መለያ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውና የሚያስቀምጠው ሁሉ ሲወጣ እንደሚደመሰስ ይወቅ። ስለዚህ ይህን ማስታወቂያ ያየ ሰው አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ ባለሙያ ይጥራ።

ሦስተኛው ምክንያት የማሽን መለወጥ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር የሚገደዱ ሲሆን፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ሥራው በዐዲስ ማሽን ላይ በዐዲስ መለያ ይጀመራል። ቀድሞ ከዊንዶውስ ቪስታ አንሥቶ ኢዚ ትራንስፈር የሚባል የማጓጓዣ ፕሮግራም ከሥርዐቱ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በወጣው በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ቀርቷል። አራተኛው ምክንያት ሁሉም ሠራተኛ በአንድ መለያ ሲጠቀምበት የቆየ ጽሕፈት ቤት ለየሠራተኛው የተለየ መለያ ለመክፈት ሲወስን ነው። ይህ ውሳኔ እጅግ የሚደገፍ ነው።

ፋይልና ልማድ

የሚዛወረው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ፋይሉ ነው፣ ሁለተኛው የአሠራር ምርጫው ነው። የአምቦን ውኃ ከአንድ ጠርሙስ ወደ ሌላ ጠርሙስ የገለበጠ ሰው ይህን ልዩነት በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃው ይተላለፋል፤ ጋዙ ግን በመንገድ ይቀራል። ፋይሎቹ ውኃው ናቸው፤ ምርጫዎቹ ጋዙ ናቸው። ጋዙ እንዳይጠፋ ከተፈለገ እያንዳንዱ ምርጫ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አራት ነገሮች ይሠሩ። አንደኛ፣ የአሮጌው ፎልደር መጠንና በውስጡ ያሉት ፋይሎች ብዛት በወረቀት ይጻፍ፤ ይህ በኋላ ለማመሳከር ይረዳል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር በውጫዊ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ይገልበጥ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመ ፍላሽ ቫይረስ ሊያጋባ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ሦስተኛ፣ በምስጢር ቍልፍ የተዘጉ ፋይሎች እንዳሉ ይጣራ። ዊንዶውስ ራሱ ለአንድ መለያ ብቻ የሚዘጋቸው ፋይሎች ቍልፋቸው ከአሮጌው መለያ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቍልፉ ቀድሞ ካልወጣ ወይም ፋይሉ ቀድሞ ካልተፈታ፣ በዐዲሱ መለያ ውስጥ የማይከፈት ሣጥን ሆኖ ይቀራል። አራተኛ፣ ዐዲሱ መለያ ከተፈጠረ በኋላ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ገብቶ ይውጣ፤ ክፍሉ የሚሠራው በመጀመሪያው መግቢያ ነውና።

ከዚህ በኋላ ዋናው ግልበጣ ይፈጸማል። ይህን የሚያደርገው ሰው በአሮጌውም በዐዲሱም መለያ ሳይሆን የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ባለው በሦስተኛ መለያ ገብቶ ቢሠራ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም በሥራ ላይ ያለ መለያ አንዳንድ ፋይሎቹን ይዞ አይለቅም። በተሰወረው ክፍል ውስጥ ያለውን ለማየት የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ ይደረግ። ኤንቲ ዩዘር በሚል ስም የሚጀምሩት ፋይሎች ግን ከቶ አይገልበጡ፤ እነርሱ የአሮጌው መለያ የውስጥ መዝገብ ናቸውና፣ መለያው ተበላሽቶ ከሆነ ከእነርሱ ጋር በሽታው አብሮ ይሻገራል።

አንድ ትልቅ ቁም ነገር እዚህ ላይ አለ። ፋይሎቹ ይገልበጡ እንጂ አይቈረጡ፤ ማለት «ኮፒ» ይደረጉ እንጂ «ከት» አይደረጉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ተቈርጦ የሄደ ፋይል የቀድሞውን ባለቤት ፈቃድ ይዞ ስለሚሄድ፣ ዐዲሱ ባለመለያ ሲከፍተው «ፈቃድ የለዎትም» ሊባል ይችላል፤ የተገለበጠው ግን የደረሰበትን ክፍል ፈቃድ ይለብሳል። ሁለተኛው ምክንያት፣ ግልበጣው በመካከል መብራት ጠፍቶ ቢቋረጥ የመጀመሪያው ቅጂ በቦታው መገኘቱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ የሚቈርጥ ሰው ብዙ ቀን ሲለቅም ይኖራል።

ስለ ልዩ ልዩ ምርጫዎች

አሁን ጋዝ ወዳልነው ወደ ምርጫው እንለፍ። በምዕራብ ሸዋ የሚሠራ ጸሓፊ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ፊደል ይጽፋል። የዞኑና የወረዳው ሥራ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ በሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚላከው ጽሑፍ ደግሞ በአማርኛ ይዘጋጃል። ስለዚህ የዚህ ጸሓፊ ማሽን ብዙ የግል ማስተካከያ ያለበት ነው።

በመጀመሪያ የፊደል ቅርጹን፣ ፎንት የምንለውን እንመልከት። የግዕዝ ፊደል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ዓለም አቀፍ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ በቪስታም ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጥቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ግን በየራሳቸው ቍጥር የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ የዚያው ፎንት በማሽኑ ላይ ከሌለ የላቲን ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ይታያሉ። ደብዳቤው አልተበላሸም፤ መነጽሩ ጠፍቶ ነው። በተጨማሪም ከ2018 የአውሮፓ ዓመት ማብቂያ ወዲህ በመጡት የዊንዶውስ እትሞች፣ አንድ ሠራተኛ ፎንት ሲጭን ለራሱ ብቻ ሊጫንለት ይችላል። እንዲህ ያለው ፎንት በተሰወረው ጓዳ ስለሚቀመጥ በዐዲሱ መለያ አይገኝም። መፍትሔው ፎንቱን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ለሁሉም ተጠቃሚ መጫን ነው።

ቀጥሎ የጽሕፈት ሰሌዳው ነው። የአማርኛ ቊልፎች አደራደር ምርጫ በየመለያው የሚመዘገብ ስለ ሆነ በዐዲሱ መለያ እንደ ገና መመረጥ አለበት። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተነገረው ግን ጸሓፊው ፕሮግራሙ ጠፍቷል ብሎ ሊጨነቅ ይችላል።

የዎርድን መዝገበ ቃላት ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዎርድ የማያውቀውን ቃል በቀይ መስመር ያሰምርበታል። የአፋን ኦሮሞ ጸሓፊ ለዓመታት አንድ በአንድ «ይህን ቃል መዝግብ» እያለ ያስተማረው ማሽን፣ ቃላቱን የሚያስቀምጠው ከስተም ዲክ በሚባል አነስተኛ ፋይል ነው። ቦታውም በአፕዳታ ውስጥ ሮሚንግ፣ ከዚያም ማይክሮሶፍት፣ ከዚያም ዩፕሩፍ በሚለው ፎልደር ነው። ይህች አንዲት ፋይል ከተገለበጠች የዓመታት ድካም ይድናል፤ ከተረሳች ዐዲሱ ገጽ በቀይ መስመር ይሞላል። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አርማና ኅዳግ የተቀረጸበት ኖርማል የተባለው ሞዴልም እዚያው ማይክሮሶፍት በሚለው ሥር፣ ቴምፕሌትስ በተባለው ፎልደር ይገኛል።

የኤክሴልን ሠንጠረዥ በሚመለከት ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የደመወዝ ሠንጠረዥ ከሌላ ሠንጠረዥ ቍጥር የሚጠራ ከሆነ፣ የሚጠራበት አድራሻ የአሮጌውን መለያ ስም ይዞ ሊቀር ይችላል። አሮጌው ፎልደር እስካለ ድረስ ምንም ችግር አይታይም፤ ሠንጠረዡ ግን ዐዲስ ቍጥር እየተሞላበት ካለው ፋይል ሳይሆን ከተተወው ሊያነብ ይችላል። አሮጌው ሲሰረዝ ደግሞ ጥሪው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛ ኤዲት ሊንክስ የሚለውን ከፍቶ እያንዳንዱን አድራሻ ሳያስተካክል የደመወዝ መክፈያ አያትም።

ኢንተርኔት የምንከፍትበት ክሮም የመሰለ ፕሮግራም የድረ ገጽ ምልክቶችን በአንድ ፋይል አውጥቶ በዐዲሱ መለያ መልሶ ማስገባት ይቻላል። የተመዘገቡ የይለፍ ቃላት ግን በአሮጌው መለያ ቍልፍ የታሸጉ ስለ ሆኑ ፎልደሩን በመገልበጥ አይሻገሩም። በፋይል ቢወጡ ለማንም ሊነበቡ ስለሚችሉ፣ ከገቡ በኋላ ያ ፋይል ወዲያው ይደምሰስ። በኢሜይል ረገድ አውትሉክ ፒኤስቲ በሚል መጨረሻ የሚያስቀምጠው ፋይል እውነተኛው ሣጥን ስለ ሆነ ይገልበጥ፤ ኦኤስቲ የሚለው ግን ከአገልጋዩ የተቀዳ ጥላ ነውና በዐዲሱ መለያ እንደ ገና ይሠራል። በዴስክቶፕ ላይ የሚለጠፉት ቢጫ ማስታወሻዎች ወረቀት ይመስላሉ እንጂ የሚቀመጡት በተሰወረው ጓዳ ነው፤ የቀጠሮና የስልክ ቍጥር ያለባቸው ከሆነ ቀድመው ይጻፉ። የጋራ አታሚም ቢሆን በየመለያው የሚያያዝ ስለ ሆነ እንደ ገና ይያያዝ።

ስለ ቴሌግራም ለየብቻ እናገራለሁ። በዛሬ ጊዜ ብዙ የሥራ ጽሑፍ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። የተቀበልናቸው ፋይሎች በዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚለው ፎልደር ስለሚከማቹ፣ ዶክዩመንትስን ብቻ የገለበጠ ሰው ብዙ የሥራ ጽሑፍ ትቶ ይሄዳል። የሚሄደው ሠራተኛ ደግሞ ከቴሌግራም በሥርዐት ወጥቶ ይሂድ፤ አለዚያ አሮጌውን መለያ የከፈተ ሁሉ የግል መልእክቱን ያነባል።

የማይዛወረውንም ማወቅ ይገባል። በወረዳ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ሲሠራበት የኖረው አይቤክስን የመሰለ የሒሳብ ሥርዐት መዝገቡን የሚይዘው በሠራተኛው ዶክዩመንትስ ውስጥ ሳይሆን በተለየ የመረጃ ቋት ነው። ስለዚህ የሠራተኛውን ፎልደር መገልበጥ የሒሳቡን መዝገብ መገልበጥ አይደለም። ያ ሥራ ለሥርዐቱ ባለሙያ የተተወ ነው።

«የይለፍ ቃሌን ልስጥህ» ስለሚለው ልማድ

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል፣ የሚሄደው ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ለተተኪው ቢሰጥ ይበቃል ይላሉ። ይህ አሳብ ቀላል ስለ መሰለ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ቅንነት እንዳለበትም አልክድም፤ ባልደረባ ባልደረባውን ለመርዳት የሚያደርገው ነውና። ነገር ግን መዘዙ ከባድ ነው። በመለያው የተጻፈ ሁሉ በባለመለያው ስም ይቈጠራል። አቶ እገሌ ባኮ ከገቡ ከሁለት ወር በኋላ በጊንጪ ማሽን ላይ በስማቸው አንድ ሠንጠረዥ ቢለወጥ፣ ተጠያቂው ማን ነው? ባልሠሩት ሥራ ሊጠየቁ ነው፤ የሠራውም ሰው ተሰውሮ ሊቀር ነው። ፊርማችንን ለሌላ ሰው እንደማናውስ ሁሉ መለያችንንም ልናውስ አይገባም።

ሕጉም በዚሁ ጉዳይ ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን ወደ ኮምፒዩተር ሥርዐት መግባትን ይከለክላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዝ ግዴታ ጥሏል። በአንድ ጸሓፊ ዴስክቶፕ ላይ የተተወ የባለጕዳዮች ስም ዝርዝር ተራ ፋይል አይደለም፤ የሰዎች ምስጢር ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የሆነው ወደ መሥሪያ ቤቱ የጋራ ፎልደር ወይም ወደ ተተኪው መለያ ይለፍ፤ የሠራተኛው የግል የሆነው፣ ማለት የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍና የራሱ ደብዳቤ፣ ለራሱ ይሰጥ። ይህን ለይቶ የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ገና በቢሮው ሳለ ነው። ከሄደ በኋላ ሌላ ሰው ክፍሉን ከፍቶ መበርበሩ ለሁለቱም የሚያሳፍር ነው።

ስለ ርክክቡ ፍጻሜ

ግልበጣው ሲያበቃ በመጀመሪያ የተጻፈው የፋይል ብዛት ከዐዲሱ ጋር ይመሳከር። ሆን ተብለው የተተዉት ብቻ ጕድለት ሆነው ይገኙ። ከየዓመቱ ጥቂት ደብዳቤዎች ተከፍተው ይታዩ፤ የፋይል ስም መታየቱ ፋይሉ ለመከፈቱ ማስረጃ አይደለምና። ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ የፎልደሮቹ ስም፣ መጠናቸው፣ የተዛወሩበት ቀንና ያልተዛወረው ነገር ተዘርዝሮ ሰጪ፣ ተቀባይና የቅርብ ኀላፊ ይፈርሙበት። ይህ ወረቀት ከሞዴል 22 ጎን ለጎን በክሊራንሱ ቢያያዝ፣ ወንበሩ ያገኘውን ክብር መዝገቡም ያገኛል።

አሮጌው መለያ ወዲያው አይሰረዝ። ይልቁንም መግቢያው ይዘጋና ቢያንስ አንድ የደመወዝ ወርና አንድ የሩብ ዓመት ሪፖርት እስኪያልፍ ይቆይ፤ የተረሳ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ነውና። መሰረዝ የግድ በሚሆንበት ቀን ማሽኑ «ፋይሎቹ ይቀመጡ ወይስ ይደምሰሱ» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ይቀመጡ» ማለት እንኳ ሁሉን እንደማያድን ይታወቅ። የሚያስቀምጠው እንደ ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ ያሉትን መደርደሪያዎች ነው፤ በተሰወረው ጓዳ ያለው ኢሜይልና ምርጫ አብሮ ይጠፋል። የዊንዶውስ የሴቲንግ ገጽ ደግሞ መለያውን ከነመረጃው እንደሚሰርዝ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ማስታወቂያውን ሳያነቡ መጫን አይገባም።

ይህ ሁሉ በአንድ ጽሕፈት ቤት ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ በደንብ የተዘጋጀ ሰው በአንድ የሥራ ቀን ሊፈጽመው ይችላል እላለሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ በረዥም ዕድሜው ስሙም ደረጃውም ተለዋውጧል። በየዘመኑ የተማሩበት ሰዎች ግን ማስረጃቸውን የሚጠይቁት ከአንዱ ተቋም ነው። የመሥሪያ ቤት ዕድሜ ከሠራተኛው ዕድሜ ይረዝማል፤ ከኮምፒዩተሩ ዕድሜ ደግሞ እጅግ ይረዝማል። መዝገቡ ከሰው ወደ ሰው፣ ከማሽን ወደ ማሽን በጤና ካልተሻገረ መሥሪያ ቤቱ በየዝውውሩ እንደ ገና ይወለዳል፤ ባለጕዳዩም በየጊዜው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይገደዳል።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ አሳስባችኋለሁ። ኮምፒዩተራችሁን ከፍታችሁ፣ ነገ የዝውውር ደብዳቤ ቢደርሰኝ ተተኪዬ የትኛውን ፋይል ያጣዋል ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ጻፉት። ከዚያም የሥራ የሆነውን ወደ ጋራው ፎልደር አንድ በአንድ ማሻገር ጀምሩ፤ የዝውውሩን ቀን አትጠብቁ። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ባለጕዳይ ስማችንን ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን እኛ ከሄድን በኋላ መጥቶ ጉዳዩ በቦታው ቢያገኝ፣ ሥራችንን የሚመሰክርልን እርሱ ነው።

ይህን በማለት የዛሬውን ንግግሬን እፈጽማለሁ።